«ጡጦ አልነካም» ያለች ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኙ፦ ጡት ብቻ እየጠባ ያደገ ሕፃን፣ እናቱ ሥራ ልትገባ ስትል ጡጦ አልይዝም ይላል። ስለዚህ የዚህን ዕትም ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«ልጄ አስር ሳምንት ሞላት። ከተወለደች ጀምሮ ከጡት ሌላ ቀምሳ አታውቅም። የምሠራው በግል ባንክ ነው፤ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረኝ። ጡጦውን ገና ከንፈሯ ላይ ሳስጠጋው አፏን ትገጥማለች፤ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ታለቅሳለች። አማቴ ‹ተዪያት፣ ሲርባት ትይዘዋለች› ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ጫፉን ስኳር ቅቢው ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?»
*እናት፣ ከአዲስ አበባ*

እህታችን፣ ሦስት ሳምንት ከተጠቀሙበት በቂ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን በመሆኑ፣ እንደ እርስዎ በአስረኛው ሳምንት የሚደነግጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ገና አራስ የሆናችሁ አንባቢዎች ግን ጡት ማጥባቱ ከተደላደለ በኋላ፣ ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ብትጀምሩ ይቀላችኋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አፉ የገባለትን ሁሉ የሚጠባው ሳይመርጥ፣ በተፈጥሮ ግፊት ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ያ ግፊት እየቀነሰ ይሄድና መጥባት በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ይሆናል። የእርስዎ ልጅ አሁን እዚያ ላይ ነች፤ መምረጥ ጀምራለች።

ወተቱን ጠልታው አይደለም። ጡት ስትጠባ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር ስባ እስከ ላንቃዋ ለስላሳ ክፍል ታደርሰዋለች። ወተቱም ቶሎ አይመጣም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ከማገች በኋላ ይፈስሳል፣ ጋብ ይላል፣ ተመልሶ ይፈስሳል። የጡጦው ጎማ ደግሞ አጭርና ጠንከር ያለ ነው፤ ሲዘቀዘቅ እሷ ሳትጠባም ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ጉሮሮዋ ላይ ፈስሶ ትን ካላት በማግስቱ ገና ስታየው አፏን ትገጥማለች። አማትዎ ከልምድ ተነሥተው ነው የሚናገሩት፤ ግን በረሃብ የምታለቅስ ሕፃን አዲስ ነገር አትማርም። ጡጦን ከረሃብና ከለቅሶ ጋር አያይዛው ጭራሽ ትፈራዋለች። ስኳር ምንም አይጠቅማትም። ማርማ አንድ ዓመት ሳይሞላት አደገኛ ነው፤ ሕፃናትን በከባድ ሁኔታ የሚመርዝ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንይ። አንድ ጡጦ ይምረጡና ቢያንስ አምስት ስድስት ቀን ይጽኑበት፤ በየቀኑ መቀያየር ያደናግራታል። ጎማው ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ ቀስ እያለ የሚቀጥን ቢሆን አፏን ከፈት አድርጋ እንድትይዘው ይረዳል። ፍሰቱ ዝግ ያለ ይሁን። ማሸጊያው ላይ ያለው 0፣ 1፣ 2 የሚል ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አይመኑት። ወተት አድርገው ሲዘቀዝቁት ጠብ፣ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ እንደ ክር ተያይዞ ከወረደ ፈጥኗል። «አልወጣላትም» ብለው ቀዳዳውን በጋለ መርፌ የሚያሰፉ አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ትን የሚያስብላት እሱ ነው፤ ከተቀደደው ጫፍ የተላጠ ጎማም አፏ ሊገባ ይችላል።

ጡጦውን ለያይተው በሳሙናና በብሩሽ ያጥቡ፤ ከዚያ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሸፍኗቸው 10 ደቂቃ ይፍሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ደቂቃውን አይሸርፉት። ሲያወጡ በፎጣ አይወልውሉ፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ።

አሁን ወደ ልምምዱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወተት ለማጠጣት አይሞክሩ። ጎማውን ብቻ በለብ ያለ ውሃ ነክረው በጣትዎ ይያዙና ከንፈሯን ያስነኳት፤ ታኝከው፣ በምላሷ ትግፋው፣ ትጫወትበት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ ከእንቅልፍ ነቅታ ፊቷ ፈካ ባለ ጊዜ፣ ከጠባች አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ። ረሃቡ ሳይጠናባት፣ ጠግባም ሳትደክም ማለት ነው። የ10 ሳምንት ክትባቷን የምትወስድ ከሆነ በዚያን ቀንና በማግስቱ አይጀምሩ፤ ትኩሳትና ሕመም ላይ ሌላ ትግል አይጨመርም።

በአራተኛው ቀን 10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር፣ ያን ጊዜውኑ የታለበ ወተት ያድርጉበት። ወተቱ የሰውነት ሙቀት ይኑረው፤ አንጓዎ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማዎት ደርሷል። ብዙ ሰው ወተቱን አሙቆ ጎማውን ይረሳል፤ ቀዝቃዛ ጎማ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ለጡት ልጅ ባዕድ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ይተዉ፤ የላይኛውን ከንፈሯን ነካ ነካ ያድርጉና እንደሚያዛጋ ሰው አፏን እስክትከፍት ይጠብቁ። ስትከፍት ሰፊው ሥር ድረስ ያስገቡ፤ ከንፈሮቿ ወደ ውጭ ይገልበጡ። ጫፉን ብቻ ከያዘች አየር ትውጣለች።

ካለቀሰች ያውጡት፤ ታቅፈው ያረጋጓት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለች ለዚያ ሰዓት አበቃ። ከነሙከራው 10 ደቂቃ አይለፍ፤ በቀን ከሁለት ጊዜ አይብለጥ። ጭንቅላቷን ይዞ አፏ ውስጥ መክተት የሳምንቱን ድካም በአንድ ቀን ያበላሻል።

ማን ይስጣት? ቢቻል እርስዎ ሥራ ሲገቡ የምትይዛት ሞግዚት ወይም አባቷ። እርስዎ ከቤት ይውጡ፤ ሱቅ ደርሰው ይምጡ። ጓዳ ገብቶ መደበቅ አይበቃም፣ ድምፅዎን ትለየዋለች። የለበሱትን ያልታጠበ ነጠላ ሞግዚቷ ትከሻዋ ላይ ጣል ብታደርገው የእናት ጠረን አብሮ ይኖራል። አቀማመጡም እንደ ጡት ባይሆን ይሻላል። በጡት አስተቃቀፍ የተያዘች ልጅ ፊቷን ወደ ደረት አዙራ ጡት ትፈልጋለች፤ ጡጦ ሲመጣላት ተታለልኩ ብላ ትቆጣለች። ጀርባዋን ወደ ሰውዬው ደረት አድርጋ ጭን ላይ ቀና ብላ ትቀመጥ፤ ወይም ቆሞ እያወዛወዘ፣ በመስኮት እያሳየ ይስጣት። ከእንቅልፍ ልትነቃ ስትል፣ ዓይኗ ሳይከፈት የሚቀበሉም አሉ።

ስትቀበል ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ፦ ደስ ብሎን ጡጦውን ቀጥ አድርገን እንገለብጠዋለን። ጡጦውን አግድም ይያዙት፤ ጎማው ግማሹ ብቻ ወተት ይኑረው። አራት አምስት ጊዜ ከዋጠች በኋላ ጫፉን ከአፏ ሳያወጡ ጡጦውን ወደ ታች ዝቅ ያድርጉት፤ ትተንፍስ፣ ራሷ ስትስብ ይመልሱላት። 60 ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መውሰድ አለበት። ግንባሯን ካኮማተረች፣ ጣቶቿን ከዘረጋች፣ ዓይኗን ካፈጠጠች ወይም በአፏ ጥግ ወተት ከወረደ ፍሰቱ በዝቶባታል ማለት ነው። መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ያስገሷት። ይህ አሰጣጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወተት ያለ ልፋት ጉሮሮ የሚሞላበትን መንገድ የለመደች ልጅ በኋላ ጡቱን «ዘገየብኝ» ብላ ልትቆጣበት ትችላለች።

በየቀኑ በ10 በ10 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ሥራ ከመግባትዎ ሳምንት ሲቀረው ሦስት አራት ሰዓት ተለይተዋት ይዋሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ባንክ ቤት ሆነው ከሚሰሙት ይልቅ ዛሬ ቢያውቁት ይሻላል። እስከዚያ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ጡጦውን ይተዉትና ወደ ስኒ ይሂዱ፤ ከታች አለ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? ጡቱንም ጭምር እምቢ ካለች፣ ስትጠባ ሁልጊዜ ትን የሚላት ወይም ከንፈሯ የሚጠቁር ከሆነ፣ አፏ ውስጥ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ካለ፣ ወይም ሽንቷ ከቀነሰ።

«ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 11 ሰዓት ተኩል እመለሳለሁ። ልጄ ሦስት ወሩ ነው። ሞግዚቷ ‹በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ካልጠጣ አይጠግብም› ትላለች። እኔ ግን ሙሉ ቀን ታልቤም ያን ያህል አላገኝም።»
*እናት፣ ከአዳማ*

የሞግዚቷ ቁጥር የመጣው ከዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር በ24 ሰዓት የሚጠጣው በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው፤ ዕድሜው ስለጨመረ መጠኑ ብዙም አይጨምርም። በሰዓት ሲካፈል ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይመጣል። 10 ሰዓት ከተለዩት 300 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ 60 ደግሞ ለመጠባበቂያ። በየጡጦው ከ60 እስከ 90 እየከፋፈሉ ይተዉ፤ ከአፉ የተረፈ ወተት ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋልና ትልቅ ጡጦ ሞልቶ መስጠት የደከሙበትን መድፋት ነው። ሊወጡ ሲሉ ያጥቡት። ለሞግዚቷም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ እንዳትሰጠው ይንገሯት፤ ሲመለሱ ርቦት ይጠብቅዎት።

ለማጠራቀም ምቹው ጊዜ ጠዋት ነው። የመጀመሪያውን ጥቢ ከጨረሰ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ይለቡ። 30 ሚሊ ሊትር ቢወጣ አይዘኑ፤ በሁለት ሳምንት 420 ይሆናል። ፓምፕ ከሌለዎት እጅ ይበቃል፦ ታጥበው አውራ ጣትዎን ከላይ፣ ሌባ ጣትዎን ከታች፣ ከጫፉ ሥር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ያሳርፉ። መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ይግፉ፣ ከዚያ ጣቶችዎን ያቀራርቡ፣ ይልቀቁ። ቆዳው ላይ መንሸራተት የለም፤ ካመመዎት ቦታው ተሳስቷል። ጣቶቹን በዙሪያው እያዛወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ጡት ይመላለሱ፤ ሁለቱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥም በየሦስት አራት ሰዓቱ መታለብ ያስፈልጋል፤ ወተት የሚተካው በወጣው ልክ ነው።

«ባለቤቴ አልባ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችው ወተት በማግስቱ የሳሙና ሽታ ያመጣል። ልጃችን ትኩሱን ከጡጦ ይጠጣል፣ ይኼኛውን ግን ይተፋዋል። ተበላሽቶ ነው?»
*አባት፣ ከሐዋሳ*

ወንድማችን፣ ትክክለኛውን ነገር አስተውለዋል። ብዙ ቤት «ጡጦ ጠላ» የሚባለው ልጅ የጠላው የወተቱን ጣዕም ነው። የእናት ወተት ውስጥ ቅባትን የሚሰባብር ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በአንዳንድ እናቶች ወተት ላይ ሥራው ቶሎ ይታያል፤ ወተቱ ሲቆይ ሳሙና ሳሙና ይላል። አይጎዳም፤ የሚቀበሉት ልጆችም አሉ። የተበላሸ ወተት ግን የሚኮመጥጥና የሚከረፋ ነው፤ እሱ ይደፋ።

ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ ትንሽ ወተት አልባችሁ ፍሪጅ አስገቡና በ2፣ በ6፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ቅመሱት። ከ12 ሰዓት በኋላ ከሆነ የሚለወጠው፣ ማታ የታለበውን ጠዋት መስጠት ብቻውን ይፈታዋል። ቶሎ የሚለወጥ ከሆነ እንደታለበ ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በዝግታ አሙቁት፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ፣ ሳይፈላ አውርዱት። ወዲያው ዕቃውን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ። ይህ የሚሠራው ሽታው ሳይመጣ ነው፤ አንዴ ከሸተተ ማሞቅ አይመልሰውም። ማሞቁ ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮችን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳልና፣ ልጁ ማታና ጠዋት በቀጥታ ይጥባ፤ የሚሞቀው ለፍሪጅ የሚሄደው ብቻ ይሁን። ቀድሞ የተጠራቀመውን ከትኩስ ጋር ደባልቃችሁ ሞክሩት።

«ድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ መብራትም ይጠፋል። የታለበ ወተት ስንት ሰዓት ይቆያል?»
*እናት፣ ከድሬዳዋ*

ክፍሉ 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አራት ሰዓት። ድሬዳዋ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሆነች ውጭ ማስቀመጥን ይርሱት። ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን፣ ያውም ከኋላ ግድግዳው አጠገብ፤ በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ፍሪዘር ውስጥ ስድስት ወር። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፤ ተመልሶ አይረጋም።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል፣ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። ስለዚህ ባዶ ቦታውን በውሃ ጠርሙስ ሞልተው ያቀዝቅዙት፤ ያው ጠርሙስ ወተት ከቢሮ ወደ ቤት ሲያመጡም ያገለግላል። በበረዶ የታጨቀ የማቀዝቀዣ ሳጥን ለ24 ሰዓት ይበቃል።

ሲያሞቁት ዕቃውን ሙቅ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተዋል። ከላይ ስልባቦት ሠርቶ ቢያገኙት አልተበላሸም፤ ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ይዋሃዳል።

«ጤና ጣቢያ ጡጦ አትጠቀሚ፣ በስኒ ስጪው አሉኝ። የሁለት ወር ልጅ እንዴት በስኒ ይጠጣል? አፍንጫው ቢገባስ?»
*እናት፣ ከደብረ ብርሃን*

የጤና ባለሙያዎቹ ያሉት የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። ጡጦ ጎማ አለው፣ ክዳን አለው፣ ጠርዝ አለው፤ ወተት የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነው። ውሃ እንደልብ በማይገኝበት ቤት የተቅማጥ መንገድ ይሆናል። ስኒ ግን በውሃና በሳሙና ይጠራል። በእኛ አስተያየት ይህ ምክር እዚህ ያለውን ኑሮ ያገናዘበ ነው፤ እናቶች ግን ሰምተው የሚተዉት አሰጣጡን ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ስለሌለ ነው። ጡጦ ለቀናት እምቢ ያሉ ልጆችም ስኒ ሲሰጣቸው ሲቀበሉ ይታያል፤ ከጡት ጋር የሚያወዳድሩት ነገር የለምና።

የቡና ስኒ ለዚህ የተሠራ ይመስል ልክ ነው፦ ጆሮ የለውም፣ ትንሽ ነው፣ አፉ ለስላሳ ነው። ጠርዙ የተሸረፈ እንዳይሆን ጣትዎን ዙሪያውን ያስኪዱበት። የቤትዎ ስኒ ስንት እንደሚይዝ በሲሪንጅ ውሃ እየለኩ አንድ ጊዜ ይወቁት፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደጠጣ ለማወቅ አይቸገሩም።

ልጁን በደንብ ነቅቶ ሳለ ጭንዎ ላይ ቀና አድርገው ያስቀምጡት። እጆቹ ስኒውን እንዳይመቱት በነጠላ ጠቅለል ያድርጉት፤ አንገትና ጀርባውን በአንድ እጅዎ ይደግፉ፤ አገጩ ሥር ጨርቅ ያድርጉ። ወተቱን ስኒው ውስጥ አድርገው ጠርዙን የታችኛው ከንፈሩ ላይ ቀለል አድርገው ያሳርፉ። ከንፈሩን አይጫኑት። አሁን ወተቱ ከንፈሩን ነክቶ እስኪቆም ድረስ ብቻ ያዘንብሉ። እዚህ ላይ እጅዎ ይቁም። ልጁ ይሸተዋል፤ ምላሱን ያወጣል፤ እንደ ድመት ግልገል ይልሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ፉት ማለት ይጀምራል። ሲያርፍ ስኒውን አያንሡ፤ እዚያው እንደተዘነበለ ይጠብቁት። ሲጠግብ አፉን ይገጥማል፣ ፊቱን ያዞራል።

አደጋው ማፍሰስ ነው። አብሽና ተልባ ሲጋት የኖረ ቤት ውስጥ ስኒ ሲታይ እጅ ወደ መጋት ይሄዳል። ልጅ አይጋትም። አፉ ውስጥ የሚፈስበት ወተት ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል፤ ራሱ የላሰው ግን አፍንጫውም አይገባም፣ ትንም አይለውም። ሞግዚት ወይም አያት የሚሰጡት ከሆነ መጀመሪያ እርስዎ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይስጡት።

መጀመሪያ ሰሞን ጨርቁ ላይ የሚፈስሰው ያናድዳል። በአንድ ሰዓት የጠጣውን አይቁጠሩ፤ የ24 ሰዓቱን ይደምሩ። ወተቱን እንዳያባክኑት ሲያለማምዱ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ስኒው ላይ እያደረጉ ይጨምሩ።

«ልጄ በስድስት ሳምንቷ ጡጦ በደንብ ትይዝ ነበር። ከዚያ ቤት ስለነበርኩ ለአንድ ወር ተውነው። አሁን ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ልትገባ ስትል እምቢ አለች። አራት ዓይነት ጡጦ ገዛን።»
*እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

ጡጦዎቹ ላይ ምንም ጥፋት የለም፤ የጎዳት ያ ያለፈው አንድ ወር ነው። በስድስት ሳምንቷ የጠባችው በግፊት ነበር፤ አሁን በምርጫ ነው፣ ምርጫዋም እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ትወደው ወደነበረው ጡጦ ይመለሱና ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የጻፍነውን ከባዶ ጎማ ጀምረው ይድገሙት። ስትቀበል ደግሞ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ትንሽ ይስጧት፤ እንደገና ሳምንታት አይዝለሉ።

ዴይኬሮች ስኒ ብዙም ስለማያውቁ ሐሳብዎን ጡጦው ላይ ማድረግዎ ተገቢ ነው። በ60 ሚሊ ሊትር ከፋፍለው፣ ስምና ቀን ጽፈው ይላኩ፤ ሁለት አውንስ ማለት ነው። ለተንከባካቢዎቹ ጡጦው አግድም እንዲያዝ፣ እንድታርፍ ጊዜ እንዲሰጣትና ሲያልቅ ብቻ ሌላ እንዲከፈት በአጭሩ ጽፈው ቦርሳዋ ውስጥ ያድርጉት። ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ይዘዋት ሄደው እዚያው እነሱ ይሞክሩ፤ ቤት ከአባቷ የምትቀበል ልጅ አዲስ ክፍል ውስጥ ልትተወው ትችላለች።

እግረ መንገዳችንን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አብዛኞቹ አሠሪዎች ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለመታለቢያ ጊዜና ከመታጠቢያ ቤት ሌላ የተከለለ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል። አለቃዎን ከመመለስዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

«የልጅ ልጄ አምስት ወሩ ነው። ቀን ከእኔ ጋር ሲውል ከእናቱ ወተት ስልሳ ሚሊ ሊትር ቢቀምስ ነው። ማታ ስትመጣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባ ያድራል። ይጎዳብኝ ይሆን? አጥሚት ላስለምደው?»
*አያት፣ ከጎንደር*

እናታችን፣ ልጁ ቀኑን ወደ ሌሊት ገልብጦታል እንጂ አልተራበም ይሆናል። እናታቸውን የሚጠብቁ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቀን ለማስታገሻ ያህል ይቀምሱና የ24 ሰዓቱን ድርሻቸውን ማታ ይጨርሳሉ። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው። በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ይሸናል ወይ? ሽንቱ ነጣ ያለ ነው ወይ? ነቅቶ ይጫወታል ወይ? ጤና ጣቢያ ሲመዘን ደግሞ የካርዱ መስመር ወደ ላይ መሄዱን ይቀጥል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ልጁ ደህና ነው፤ የተቸገረችው እንቅልፍ ያጣችው እናቱ ነች። ማታ ተኝታ ታጥባው፤ ቤት ስትገባ ቡናውና እራቱ በሌላ ሰው ይሁን፤ እሷ መጀመሪያ ልጁን ይዛ ትቀመጥ።

አጥሚቱ ስድስት ወር እስኪሞላው ይቆይ፤ ውሃም የላም ወተትም እንዲሁ። ያቺ ትንሽ ሆዱ በአጥሚት ከሞላች የእናቱን ወተት ይተዋል፣ የእሷም ወተት ይቀንሳል። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ስድስት ሰባት ሰዓት ሙሉ ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ ግን ማደር የለበትም፤ በዕለቱ ይውሰዱት።

«ልጄ ሰባት ወሩ ነው፤ ጡጦ እንቢ እንዳለ ነው። አሁንም ልታገለው?»
*እናት፣ ከመቀሌ*

ይተዉት። ገንፎና ፍትፍት የጀመረ ልጅ ጡጦ አያስፈልገውም። ወተቱን ሁለት ጆሮ ባለው ትንሽ ኩባያ ይስጡት፤ ከፊሉን ገንፎው ውስጥ ይጨምሩለት፤ ሲመለሱ ያጥቡት። የኩባያው ክዳን ውስጥ ፍሰት የሚያግድ ጎማ ካለበት አውጥተው ይጣሉት፤ ሰባት ወር የሆነው ልጅ እሱን እየጎተተ ከሚናደድ ትንሽ ቢያፈስስ ይሻላል።